ትንሹን ሞተር ያላጠፋሁ ቀን

ጁባ የገባሁት በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ነው። የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ነበርኩ። በዚያ ዕድሜ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የልጅ ልጅ ያቅፋል። እኔ አንድ የመፍቻ ሣጥንና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ፣ ከካምፓላ በሚመጣ የጭነት መኪና ላይ፣ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጬ ገባሁ። ለምን ሄድክ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ መቀመጥ አልችልም። እናቴ "ይሄ ልጅ ቂጡ ላይ እሾህ አለበት" ትል ነበር። እሾሁ እስካሁን አልወጣም። ይሄን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ በሩን አይቼ ተመልሻለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት አሰብ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ግማሹን። የተሳሳተ ፊደል ያገኘ አልፎ ያንብብ። የምጽፈው ሰው ላስተምር ብዬ አይደለም። ያጠፋሁት አንድ ጥፋት አለ። ሦስት ዓመት ደብቄው፣ በመጨረሻ በሰው ፊት ተናገርኩት። ከተናገርኩት ወዲህ ግን ነገሩ በሰው አፍ ተጣመመ። አንዱ ጀልባ አሰመጠ ይላል፣ ሌላው ሰው ገደለ ይላል። ጀልባ አላሰመጥኩም፣ ሰውም አልገደልኩም። ልኩ ይሄ ነው።

ሥራ የጀመርኩት አሰብ ነው። ከባቲ ወርጄ ወደቡ ስደርስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአሰብ ምጽዋ የምትመላለስ አንዲት አሮጌ መርከብ ነበረች፤ በየመንገዱ ትንንሽ ወደቦችን ትነካለች። ኢዲ፣ ቲዮ፣ መርሳ ፋጡማ። አንዳንዱ ወደብ ሃያ ቤትና አንድ መስጊድ ነው። ዱቄት እናወርዳለን፣ ፍየል እንጭናለን፣ ደብዳቤ እንሰጣለን፣ እንሄዳለን። ለእኔ ዓይነቱ የተፈጠረ ሥራ ነው፤ አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት አይታደርም። በዘይት ጠራጊነት ገባሁ።

የሞተር ክፍሉ አለቃ ላርስ የሚባል ኖርዌያዊ ነበር። ስለ አገሩ ካነሳ ዓይኑ ሩቅ ይሄዳል። በእነሱ አገር ባሕሩ ተራራውን ሰንጥቆ ይገባል። ፊዮርድ ይሉታል። መርከቡ በቀኝም በግራም ገደል እየታከከ ነው የሚሄደው። ውሃው ከመጥለቁ የተነሳ መልሕቅ ቢጣል መሬት አይነካም። በየመታጠፊያው ሠላሳ ቤት ያላት መንደር አለች፤ መርከቡ ቆም ብሎ ደብዳቤና ዱቄት ጥሎ ይቀጥላል። "ልክ እንደኛ!" አልኩት። "አይደለም" አለኝ። "እዚህ ሞተርህ ቢቆም አሸዋ ላይ ትወጣለህ። እዚያ ቆሞ አልነሳም ካለ ለጸሎት እንኳ ጊዜ የለህም። ድንጋዩ አጠገብህ ነው።"

እነዚያ ትልልቅ ሞተሮች እንደ መኪና በባትሪ አይነሱም። በብረት ሲሊንደር ውስጥ የታመቀ አየር ነው ገፍቶ የሚያስነሳቸው። አየሩን የሚሞላው ኮምፕሬሰር ነው፤ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞር ደግሞ ሌላ አንድ ትንሽ ሞተር አለ። ሞተር በተነሳ ቁጥር አየሩ ይጎድላል። ላርስ ጠዋት ሲገባ ደህና አደርክ አይልም። "አየር ስንት ነው?" ነው የሚለው። ከሃያ በታች ነው ካልኩት መፍቻ ይወረውርብኛል። ሁለት ጊዜ አግኝቶኛል፤ የአንዱ ጠባሳ አገጬ ላይ ነው። "አየር ከሌለህ ሞተር የለህም፤ ሞተር ከሌለህ አንተም የለህም።" ይሄ ነገር አጥንቴ ውስጥ ገባ። ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ ያስተማረኝ ግን ለአገሩ ባሕር ነበር። ይሄ የገባኝ በስተርጅና ነው።

አሰብ ከእጃችን ስትወጣ ወደ ጣና ሄድኩ። ከባሕር ዳር ጎርጎራ፣ በዘጌ፣ በቁንዝላ፣ በደልጊ፤ ወጣሁ ወረድኩ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ ይሁን። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ግን ቤቱ እንደ ጠባብ ጫማ ሆነብኝ። አንድ የድሮ የአሰብ ባልደረባዬ ከጁባ ደወለ። "ደምሴ፣ እዚህ ሰላም ሆኗል፣ ወንዙ ተከፍቷል፣ በአየር የሚነሳ ሞተር የሚያውቅ ሰው ጠፍቷል" አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ሣጥኔን በዓይኔ እየፈለግሁ ነበር።

ጁባ ወደብ ያገኘኋት ጀልባ ገፊ ነበረች። ጭነቱ እሷ ላይ አይደለም። የራሳቸው ሞተር የሌላቸው ጠፍጣፋ የብረት ባርጆች ሁለት ሁለት ሆነው ከፊቷ ይታሰራሉ፤ እሷ ከኋላ ትገፋለች። ከእኔ ሞተር እስከ ፊተኛው ባርጅ አፍንጫ መቶ እርምጃ ይሆናል። ወደ ታች ወደ ማላካል እንወርዳለን፣ ወደ ላይ እንመለሳለን። ሞንጋላ፣ ቦር፣ ሻምቤ፣ አዶክ። እንደገና ትንንሽ ወደብ፣ እንደገና ፍየልና ዱቄት። ቶንፒንግ በሚባለው የጁባ ሰፈር ሆቴል የከፈቱት ያገሬ ልጆች "ጋሼ ደምሴ፣ ምን ያንከራትትዎታል፣ እዚህ ጄኔሬተር ይጠብቁልን" ይሉኝ ነበር። የቆመ ሞተር ጠብቄ ልሙት እንዴ?

በወንዙ ላይ ካፒቴን ሬይስ ይባላል። የእኛ ሬይስ ኦቶው ነበር፤ የማላካል በኩል ሰው፣ ጎሳው ሽሉክ፣ ከእኔ አምስት ስድስት ዓመት የሚበልጥ። በስደት ዘመኑ እኛ አገር ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ብዙ ስለኖረ አማርኛ ይናገራል። የመጀመሪያ ቀን አክብሬ "ሬይስ፣ ቁርስ በልተዋል?" ብለው ዞር ብሎ ኋላውን አየ። "ብቻዬን ነኝ ኡስታ፣ ስንት ሰው ታየህ?" አለኝ። ኡስታ ማለት እዚያ የሞተር ባለሙያ ነው። ከዚያ ወዲያ አንተ ተባባልን።

ከቦር በታች ወንዙ ወንዝነቱን ይተዋል። ደንገልና ሣር እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይንሳፈፋል። ነፋስ ሲነሳ መንደር የሚያህል ደሴት ተነቅሎ ይሄዳል። ትናንት ያለፍክበት መንገድ ዛሬ የለም። በየቦታው ውሃው ለሁለት ለሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ዋናው ነው፣ ሌላው ሞቶ የቀረ ነው፤ ለዓይን አይለዩም። ሬይስ ኦቶው ዓሣ አጥማጅ ሲያገኝ መንገዱ የት ነው ብሎ አይጠይቅም። "ዛሬ እምቦጩ ወዴት ይሄዳል?" ነው የሚለው። "መንገድ ስትጠይቀው ሰው ያፍራል። ባያውቅም በእጁ ያሳይሃል" አለኝ። በእኛም አገር እንዲሁ ነው አልኩት።

እንዲህ ያለ መንታ ላይ ስንደርስ ሬይስ ከፊተኛው ባርጅ ላይ ሸሚዙን አውልቆ ያውለበልባል። ይሄኔ እኔ ሁሉን አጠፋለሁ። ዋናውን ሞተር፣ ጄኔሬተሩን፣ ፓምፑን፣ ኮምፕሬሰሩን ከነትንሹ ሞተር፤ ሁሉን። ባርጅ ላይ ያሉ ሴቶች ሙቀጫ ያቆማሉ። ሕፃን ካለቀሰ ጡት ይጎርሳል። ሬይስ አፉን በወንዙ ውሃ ተጉመጥምጦ ይተፋል። ከዚያ መድራ የሚሉትን ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ውሃ ውስጥ ይሰድና ጫፉን ይነክሰዋል። የታች የፊት ጥርሶቹ በልጅነቱ በባህላቸው ተነቅለዋል፤ ስለዚህ በመንጋጋው ነው። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። አንድ ሲጋራ ተጭሶ እስኪያልቅ ይቆያል። ከዚያ በአገጩ ያሳያል፤ በጣት መንገድ ጠቁሞ አያውቅም።

"ምን ይሰማሃል?" አልኩት።

"የሚሮጥ ውሃ ይንቀጠቀጣል። የሞተ ውሃ ዝም ነው። እንጨቱ ለጥርሴ ይነግረዋል።"

ነከስኩት። ከቀርከሃው ጣዕም ሌላ ምንም የለም።

"የአበሻ ጥርስ የሚያውቀው ሥጋ ብቻ ነው" ብሎ ባርጁ ላይ ተንከባለለ።

አብረን ሁለት ዓመት ስንሠራ አንድ ጊዜም የሞተ ውሃ ውስጥ አልከተተንም። እኔ ግን ሸሚዙን ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የአየሩን መለኪያ፣ ጌጁን ነው። በቆምን ቁጥር አየር ይጎድላል። ይሄን ስነግረው ይናደዳል።

"አየር፣ አየር፣ አየር! እዚህ ምን ድንጋይ አለ ኡስታ?"

"ድንጋይ ባይኖር ሞተር አለ።"

"መንገድ ከሌለ ሞተር ለምን? ልትቀመጥበት?"

ያም ሆኖ በሁለት ዓመት "ቆይ፣ ጠብቀኝ" ብዬው አላውቅም። ኩራቴ ነበር። ሸሚዙ ሲውለበለብ አጠፋለሁ፤ አገጩ ሲዞር አስነሳለሁ።

እንግዲህ ጥፋቱ። 2000 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ። ከማላካል ወደ ቦር ከስደት የሚመለሱ ሰዎች ጭነናል፤ ሦስት መቶ ይሆናሉ፤ ከነአልጋቸው፣ ከነቤታቸው መዝጊያ፣ ከነዶሮአቸው። ሁሉም የዘር ዝናቡ ሳያልፍ ሊደርሱ ነው የሚቸኩሉት። ማማ አቡክ የምትባል አንዲት ረጅም ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ከሞተር ክፍል ወጥቼ ያገኘሁት ጆንያ ላይ አረፍ ስል በአረብኛ ጮኸችብኝ።

"ያ ሐበሻ! ተነስ! እርሻዬ ላይ ነው የተቀመጥከው!"

የዘር ማሽላ ነው። እናቷ ትዘራው የነበረውን ዓይነት ሰው ቤት እየዞረች እፍኝ እፍኝ ነው የሰበሰበችው። ጆንያውን ትራስ አድርጋ ነው የምትተኛው።

ከአዶክ በላይ ነን። ያን ቀን ጠዋት የትንሹ ሞተር ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ተበላሽቶ ስፈታና ስገጥም አረፈድኩ፤ ስለዚህ አየር አልተሞላም። እስከ እኩለ ቀን ሁለት መንታ አለፍን፤ ሁለት ጊዜ ቆምን፣ ሁለት ጊዜ ተነሳን። ትንሹን ሞተር ጠግኜ እንዳስነሳሁት ሦስተኛው መንታ መጣ። ከፊት ሸሚዙ ተውለበለበ። ጌጁን አየሁት፤ አሥራ አንድ ነው። ከአሥር በታች ያ ሞተር አይነሳም፤ በመጀመሪያው ካልያዘ ሁለተኛ ዕድል የለኝም። "አንድ ሰዓት ጠብቀኝ ልሙላ" ብዬ ሰው ብልክ ኖሮ ይጠብቀኝ ነበር። አልላክሁም። አንደኛ ኩራት። ሁለተኛ መቆም አልወድም፤ አንድ ሰዓት ደንገል እያየሁ መቀመጥ ለእኔ እስር ቤት ነው። ሦስተኛ ላርስ አገጬ ላይ አለ።

ዋናውን አጠፋሁ። ጄኔሬተሩን አጠፋሁ። ትንሹን ተውኩት፤ አየር ይሙላ ብዬ። የሞተር ክፍሉን ክዳን ዘጋሁና የራሴን ፍራሽ አጣጥፌ ላዩ ላይ ጣልኩበት፤ ድምፁ እንዳይሰማ። ሳላስበው የሆነ አይደለም። ፍራሽ የጣለ ሰው አስቧል።

መቶ እርምጃ ነው፤ ለጆሮ አይደርስም። ሬይስ ነከሰ። እንደሌላው ጊዜ አልቆየም። ቶሎ ቀና አለና በአገጩ ወደ ግራ አሳየ። አስነሳሁ፤ እንደ ሰዓት ተነሳ። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ። ገፋን። ግማሽ ቀን ያህል ከተጓዝን በኋላ ፊት ለፊታችን ደንገል ዘጋ። የሞተ ውሃ ነበር። ለመመለስ ስንሞክር ነፋሱ ዞሮ ከኋላችንም ያንን የሚንሳፈፍ ሣር አምጥቶ ዘጋብን።

በማግስቱ ሬይስ ሁሉንም አስጠፍቶ እንደገና ነከሰ። በዚህ ጊዜ ሁሉንም አጥፍቼ ነበር። ብዙ ቆየ። ሲነሳ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ዝም ነው" አለ። "ትናንት ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ኡስታ፣ በደንብ ነበር የሚንቀጠቀጠው።"

እኔ ወደ ሞተር ክፍሌ ወረድኩ።

ያን ቀን ወንዶቹ ሁሉ ገጀራ ይዘው ደንገል ሲቆርጡ፣ ሬይስም አብሯቸው ሲወርድ፣ ትንሹን ሞተር አስነስቼ ወደ ፊተኛው ባርጅ ሄድኩ። መድራውን ውሃ ውስጥ ሰደድኩና ነከስኩት። ተንቀጠቀጠ። መንጋጋዬ ውስጥ፣ ጆሮዬ ሥር ድረስ ገባ። የባርጁ ብረት ለውሃው፣ ውሃው ለእንጨቱ አቀብሎታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ እንጨት ለእኔም ተናገረ። የተናገረው የእኔን ትንሽ ሞተር ነው።

አሥራ አንድ ቀን ቆየን። በሽቦ ገመድ ሳሩን አስረን ወደ ኋላ እየጎተትን ቁርጥራጩን አወጣን፤ የቀረውን ነፋስ መልሶ አመጣው። ናፍጣ ቆጠብን። በስድስተኛው ቀን እህል አለቀ። ዓሣ ነበረ፤ ለሦስት መቶ ሰው ግን አይበቃም። በሰባተኛው ቀን ማማ አቡክ ጆንያዋን ፈታች። ማንም አላዘዛትም። ሕፃናቱን አየች፣ ጆንያውን አየች፣ ፈታች። ሴቶቹ ወቀጡት። ገንፎው ሲደርስ የመጀመሪያውን ሳህን ለእኔ ይዛ መጣች።

"ብላ" አለችኝ። "አንተ ነህ የምትገፋን።"

በላሁ። ባልበላ ለምን ትለኛለች። ያን ገንፎ እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ነፋሱ ዞረና ሳሩ ላላ፤ ወደ ኋላ ወጣን። ቦር ስንደርስ የዘር ዝናቡ አልፏል። ማማ አቡክ ባዶ ጆንያዋን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ይዛ ወረደች። ሬይስን እጁን ጨብጣ አመሰገነችው፤ በሕይወት አድርሰኸናል ብላ። እኔንም አመሰገነችኝ።

ጁባ ሙዲሩ፣ የጀልባዋ ባለቤት የሆነው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ማለት ነው፣ ሁለታችንን ጠረጴዛው ፊት አቆመን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለናፍጣ ይሰስታል እንጂ።

"ሬይስ፣ ምን ሆንክ?"

"ጥርሴ ዋሸኝ" አለ ኦቶው። "አርጅቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሙዲሩ ወደ እኔ ዞረ። "ኡስታ፣ ሞተር ጠፍቶ ነበር?"

"ጠፍቶ ነበር" አልኩ።

ዋናው ሞተር ጠፍቶ ነበር፤ አልዋሸሁም። ይሄን ለራሴ ሦስት ዓመት ስነግረው ኖሬአለሁ። ሰው ግትር ሲሆን ከእግዜርም ጋር ይከራከራል።

ኦቶው ከወንዙ ወጣ። ማንም አላባረረውም፤ ራሱ ነው መድራውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የሄደው። ቤቱን ወስዶ ጁባ ዳር ጉዴሌ ሠራ፤ ውሃ የማይታይበት ቦታ፣ አቧራ ላይ። ከሌላ ሰው ዓሣ እየገዛ ይሸጥ ነበር። በእሱ ቦታ የሳተላይት መሣሪያ የያዘ ሰው መጣ። መሣሪያው ያለፈውን ዓመት መንገድ ያሳያል፤ ወንዙ ደግሞ የዘንድሮውን ነው የሚሄደው። ሁለት ጊዜ ተቀረቀርን። ጥርስ ይሻላል ያለ ሰው ግን አልነበረም። "የኦቶው ጥርስ" ማለት በወደቡ ላይ ቀልድ ሆነ። ሰው ዕቃ ሲጠፋበት "የኦቶውን ጥርስ ጠይቀው" ይባላል። እኔ ስሰማ ሞተር ክፍል እገባለሁ። እዚያም አንድ ቦታ አልቆምም፤ ያልላላ ብሎን አጠብቃለሁ።

2003 ዓ.ም.፣ ሰኔ ላይ፣ ድርጅቱ በባትሪ የሚነሱ ጀልባዎች ገዛ። ሙዲሩ ጠራኝና በደግ ቃል "ከላስ፣ በቃ፣ ኡስታ፣ ዕረፍ" አለኝ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደቡ ላይ ፍየል አረዱልኝ። የድሮ ሠራተኞችም ተጠሩ። ኦቶውም መጣ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ የገመድ ጥቅል ላይ ተቀመጠ።

ሙዲሩ ተነስቶ ንግግር አደረገ። "በአምስት ዓመት ውስጥ" አለ፣ "የኡስታ ደምሴ ሞተር አንድም ቀን አልነሳም ብሎ አያውቅም። የሬይሶች ጆሮ ያረጃል፣ ጥርስም ይዋሻል፣ የኡስታ ሞተር ግን ይነሳል!"

ሁሉም ሳቀ። ኦቶውም ሳቀ። አፉን ከፍቶ በጣቱ ጥርሱን እያሳየ አሳቃቸው። እኔ ሥጋ በእጄ ይዤ ነበር። አስቀመጥኩት።

ተነሳሁ። አረብኛዬ የገበያ ነው፤ ግን ያ ነገር ብዙ ቃል አይፈልግም። ዋናውን አጠፋሁ፣ ትንሹን አላጠፋሁም አልኩ። ፍራሽ ጣልኩበት አልኩ። መድራውን በኋላ ነከስኩት፣ ሞተሬን ሰማሁት አልኩ። ጥርሱ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሙዲሩ "ኡስታ፣ ጠጥተሃል?" አለኝ። አልጠጣሁም አልኩት። ከኋላ አንዱ "ወላሂ፣ ሐበሻ ሌባ ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ የሰው ስም ሰርቄአለሁ።

ኦቶው ከተቀመጠበት አልተነሳም።

"ትንሹ?" አለኝ በአማርኛ።

"ትንሹ።"

ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። የኋላ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነካ፤ በቀኝ በኩል፣ በግራ በኩል። ከዚያ ተነሳና ባርኔጣውን ይዞ ሄደ። ፍየሉን ማንም አልጨረሰው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ሰው ምን ይገርመዋል፤ ድሮም አልተኛም። እሑድ ጠዋት ግን አንድ ነገር ወሰንኩ። በአገሬ ያጠፋ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ የበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። ሽማግሌ አልነበረኝም። ድንጋይ ግን ጁባ ሞልቷል። ከወደቡ አጥር ሥር አንዱን መርጬ አንገቴ ላይ ጫንኩና ወደ ጉዴሌ መንገድ ጀመርኩ። ከወደቡ ጉዴሌ ሩቅ ነው። ሞተር ሳይክል ነጂዎቹ አላስቀምጥ አሉኝ። "ያ ሐጂ፣ ድንጋዩን ከኋላ እንሰረው፣ አንተ ከፊት ተቀመጥ!" "ስንት ነው ድንጋዩ?" "ጁባ ድንጋይ አልቆ ነው ከአዲስ አበባ ያመጣኸው?" መንገዴን ቀጠልኩ። ጁባ ታውን ጋ ሸሚዜ ረጠበ። ሁለት ጊዜ አወረድኩት፤ ሁለት ጊዜ መልሼ ጫንኩት።

ኦቶው ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር ተቀምጦ ነበር። ባለቤቱ ኛቻን ዕቃ ታጥባለች። እሷም ኢታንግ የኖረች ናት፣ አማርኛ ትችላለች። ከበሩ ገብቼ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

"ይሄ ምንድነው?" አለ ኦቶው።

"ድንጋይ።"

"ድንጋይ መሆኑን አያለሁ። ቤት ሊሠራ ነው ያለህ ማነው?"

"ይቅር በለኝ ልል ነው። በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚባለው።"

ኛቻንን አያት። እሷም አየችው። "ኢታንግ ሳለን አንዱ አበሻ እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ" አለችው። "ግድግዳ ሊሠራ መስሎኝ ነበር።"

"ይቅር ካላልኩህስ?"

"እዚሁ እቆማለሁ።"

"አንተ? ትቆማለህ?" አለና ከልቡ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ ቆመ። "ሦስት ዓመት ዓሣ ሸጥኩ ኡስታ። ስነክስ ዳቦውን እንኳ አላምነውም ነበር። ማታ ማታ ዛፍ እየነከስኩ ስሞክር ልጆቼ አብዷል ብለው ያለቅሱ ነበር።"

ድንጋዩ አንገቴ ላይ ነው።

"ሙዲሩ ትናንት ማታ መኪና ልኮ ነበር" አለ ቆይቶ። "ሐሙስ ወደ ቦር ውረድ አለኝ።"

"ምን አልከው?"

"ኡስታው ማነው ብዬ ጠየቅሁ። የማላካል ሰው ነው አለኝ። መንታ ላይ አንድ ነገር ሲያጉረመርም ብሰማ ውሃ ውስጥ እጥለዋለሁ በልልኝ፣ እሱንም ሞተሩንም አልኩት።"

"ትወርዳለህ?"

"እወርዳለሁ።"

ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። ውጣም አላለም። ኛቻን እጇን በቀሚሷ አድርቃ መጣችና ድንጋዩን ዞር እያለች አየችው፤ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

"ጥሩ ድንጋይ ነው" አለች። "ጠፍጣፋ ነው። የውሃ እንስራዬ መሬት ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከሥሩ ምስጥ እየበላው። እዚያ ጋ አድርገው።"

አወረድኩት። አንገቴ ቀና አልል አለ። ኛቻን እንስራውን ለማስቀመጥ ሞከረችና ተወችው፤ ያዘነብላል።

"አንድ ድንጋይ ምን ይሠራል?" አለች። "ሦስት ነው የሚያስፈልገው። ቁመቱ እኩል ይሁን።"

ወደ ኦቶው ዞርኩ። ወደ ማንጎው ቅጠል እያየ ነበር። መንታ ላይ እንደሚያደርገው በአገጩ ወደ በሩ አሳየኝ።

ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ ቁመት የለካሁበትን ሲባጎ ይዤ ወደቡ አጥር ሥር ሄድኩ። ብዙ አነሳሁ፣ ብዙ ጣልኩ። ልኩን ሳገኝ አንገቴ ላይ ጫንኩትና ሁለተኛውን ይዤ ወደ ጉዴሌ መንገድ ጀመርኩ።